የመሥራቾች መዝገብ

ልጄ፣ ፍልስፍና መማር ከጀመርክ ወዲህ «መንግሥትን የመሠረተው ሕዝብ ነው» እያልክ ቤቱን አድምቀኸዋል። ደግ። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና እስቲ ተቀመጥ።

ሆብስ በ1651 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ሌዋታን» መጀመሪያ ላይ ያለውን ሥዕል አየኸው? ዘውድ የጫነ ግዙፍ ሰው ነው፤ አካሉን ቀርበህ ስታየው ግን በጥቃቅን ሰዎች የተሞላ ነው። ጋን በጠጠር ይደገፋል ማለት ይኸው ነው። ታዲያ ልብ በል፤ ጠጠሮቹ ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው ወደ ንጉሡ ዞረዋል። ለሆብስ ሕዝብ አንዴ ይመሠርታል፣ ከዚያ ይታዘዛል። አልወደድኩለትም።

ሎክ ይሻላል፤ መንግሥት አደራውን ከበላ ሕዝቡ ይነሣበታል ይላል። ነገር ግን በአገሩ መንገድ የተጓዘ ሁሉ ሕጉን እንደተቀበለ ይቆጠራል ባይ ነው። ሂዩም ይህን በ1748 እ.ኤ.አ. አፈረሰው፦ ተኝቶ ሳለ ተሸክመው መርከብ ላይ የጫኑት ሰው፣ ባሕር መሃል ሲነቃ ስላልወረደ ብቻ ለካፒቴኑ ለመገዛት ፈቅዷል ይባላል?

እኔ ወደ እድራችን የገባሁት ከተመሠረተ በኋላ ነው። ጸሐፊው መተዳደሪያ ደንቡን አነበበልኝ፤ መመዝገቢያ ከፍዬ ፈረምኩ። መንግሥት እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ሰጡን፤ የ1987ቱ ደግሞ «እኛ» ብሎ ይጀምራል። ይህን «እኛ» መርምረው። ፊላደልፊያ ላይ በ1787 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሕገ መንግሥት «እኛ ሕዝቡ» ተብሎ ሲጻፍ ከሥሩ ያለው የ39 ሰው ፊርማ ነው። ሴት የለችበትም፤ ባሪያው ለምክር ቤት ወንበር ሲቆጠር ሦስት አምስተኛ ሰው ነበር። አትፍረድባቸው፤ በእኛም እድር እናትህ ከድንኳኑ ጀርባ ጭስ እየጠጣች ወጥ ትሠራለች፣ መዝገቡ ላይ ያለው የአባትህ ስም ነው።

ስለዚህ «ማን መሠረተው?» ብለህ አትቁም። ሩሶ፣ ሕዝብ በየጊዜው ይሰብሰብ፣ ጉባኤው ሲከፈትም ሁለት ነገር ይጠየቅ ብሏል፦ ይህ የመንግሥት ቅርጽ ይቀጥል ወይ? ሥልጣኑን የያዙትስ ይቀጥሉ ወይ? አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም። እኛም በእድራችን አንድ ጊዜ ገንዘብ ያዡን ያወረድነው ሒሳቡ በጉባኤ ሲነበብ ነው፤ መሥራች ነኝ ማለቱ አላዳነውም።

የዘንድሮው ጉባኤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። እንዳትቀር፤ የእናትህ ስም መዝገብ ይግባ የሚለውን ሐሳብ የምታነሣው አንተ ነህ።