ስለ ደመወዝና ስለ ክብር

ሰው ስለ ክብሩ ሲል የልጆቹን እንጀራ ሊተው ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ በቃል ሲመረመር ቀላል ይመስላል፤ በሥራ ሲፈተን ግን እጅግ የከበደ ነው። ለምርመራው የሚረዳን ምሳሌ በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ይገኛል።

በዚያች ከተማ፣ በቨርሞንት ጎዳናና ዩ በሚባለው መንገድ መጋጠሚያ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለተዋጉት ጥቁር ወታደሮች መታሰቢያ ቆሟል። ኤድ ሃሚልተን የተባለ ቀራፂ ከነሐስ ያበጀው ይህ ሐውልት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ታሪካቸውን የሚያስረዳው ቤተ መዘክርም በ1999 ተከፈተ። በሐውልቱ ዙሪያ ባለው ግንብ ላይ የወታደሮቹና ያዘዟቸው መኮንኖች ስም በጠቅላላው 209,145 ተጽፏል። በሰፈሩ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች ስላሉ፣ ለዕለት እንጀራው የሚደክም የአገራችን ሰው በእነዚህ ስሞች አጠገብ ያልፋል።

በ1863 ነጭ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲቀበል፣ ለጥቁሩ የተቈረጠለት 10 ነበረ፤ ከዚሁም 3ቱ ስለ ልብስ ይያዝበት ነበርና በእጁ የሚገባው 7 ብቻ ነው። የማሳቹሴትስ 54ኛና 55ኛ ክፍለ ጦር ወታደሮች ግን ይህን ገንዘብ አንቀበልም አሉ። የማሳቹሴትስ ግዛት ጉድለቱን ከራሷ ግምጃ ቤት ልትሞላላቸው ብትወስንም፣ እርሱንም እንቢ አሉ። ደመወዝ ሳይቀበሉ ከአንድ ዓመት በላይ ተዋጉ።

ይህ ነገር እንደ ቅኔ ነው፤ ገንዘቡ ሰሙ፣ የሰው እኩልነት ወርቁ ነበረ። ግዛቲቱ ሰሙን ልትሞላ ወደደች፤ እነርሱ ግን የጠየቁት ወርቁን ነው። ምክር ቤቱም በሰኔ 1864 ደመወዙ እንዲተካከል ሕግ አወጣ።

በሌላ ክፍለ ጦር የነበረ ዊልያም ዎከር የተባለ የጥቁር ወታደሮች አለቃ ግን፣ እኩል ደመወዝ ካልተሰጠን አናገለግልም ብሎ ከጓደኞቹ ጋራ መሣሪያውን ስላስቀመጠ፣ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በየካቲት 1864 በጥይት ተደብድቦ ሞተ። የሠራዊት ሥርዓት ይፈርድበት ይሆናል፤ ነገር ግን ውልን አስቀድሞ ያፈረሰ ወገን፣ ውል ፈረሰ ብሎ ሲቀጣ ፍርዱ ቀና ሊባል አይችልም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ክብር የተባለው የአንድ ሰው ኩራት ብቻ ቢሆን፣ ስለ እርሱ ልጅን ማስራብ ግፍ ነው። በእኩልነት ጉዳይ ግን አባት በጐደለ ዋጋ ቢስማማ፣ ልጁም ነገ በዚያው ዋጋ ይመዘናል፤ ዛሬ ያበላው እንጀራ ለነገ የውርደት ርስት ይሆንበታል። ስለዚህ ወታደሮቹ የሠሩት የቀና ነው እንላለን።

ሆኖም አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ደመወዙ በቀረ ጊዜ በየቤቱ የተራቡት ሚስቶችና ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹም ምርጫውን የመረጡት እነርሱ አልነበሩም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንደተባለው፣ የወታደሮቹ ስም በግንቡ ላይ ዋለ፤ የእነዚያ ስም ግን በዚያ የለም። ስሞቹን የሚያነብ ሰው፣ ያልተጻፉትንም ከተጻፉት ጋራ ሊያከብራቸው ይገባል።