ሰካራምን ማን ይመክረዋል?

በከተማ ከሚኖሩ ሰዎች ሁሉ እንደ ሰካራም ምክር የሚበዛለት የለም። ሚስቱ በሌሊት፥ የነፍስ አባቱ በጾም መግቢያ፥ ሽማግሌዎች በዕርቅ ቀን፥ አበዳሪው በደጃፉ ቆሞ ይመክረዋል። የሚነገረውም ነገር ሐሰት የለበትም። ቤቱ እንደ ፈረሰ፥ ጤናው እንደ ተበላሸ እርሱም ያውቃል፤ ጧት ብቻውን ሲሆን ከመካሪዎቹ ሁሉ በከፋ ቃል ራሱን ይሰድባል። እንግዲህ እውነተኛ ምክር ወደ ጆሮው ገብቶ ወደ ልቡ የማይወርደው ስለ ምንድር ነው? ብዙ ሰው «ልቡ ስለ ደነደነ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ዳሩ ግን ከላይ የሚወርድ ምክር፥ ቃሉ ምንም መልካም ቢሆን፥ በጕድጓድ ላለው ሰው አስቀድሞ የሚነግረው በጕድጓዱ ውስጥ ብቻውን መሆኑን ነው።

በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ በ1927 ዓ. ም. (በአውሮጳ አቈጣጠር 1935) የተደረገው ነገር ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆናል። ቢል ዊልሰን የሚባል የኒው ዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ መጠጥ ከተወ ገና አምስት ወሩ ነበር። ለንግድ ወደ አክሮን ሄዶ ጉዳዩ ሳይሳካለት ቀረና በሆቴል አዳራሽ ብቻውን ቆመ። በአንድ ወገን የመጠጥ ቤቱ ጫጫታ ይሰማዋል፤ በሌላው ወገን የከተማው አብያተ ክርስቲያናት ስም ዝርዝር ይታየዋል። ቀድሞ በኒው ዮርክ ሌሎችን ሰካራሞች ለማዳን ሲደክም ከእነርሱ አንድም አልተወለትም፤ እርሱ ግን ሲደክምላቸው ሳይጠጣ ኖሮአል። ስለዚህ የዚያን ቀን የፈለገው መካሪ ሳይሆን እንደ እርሱ ያለ ሌላ ሰካራም ነው። ከዝርዝሩ አንድ ቄስ መርጦ በቴሌፎን ጠራው፤ ቄሱም ሊረዱት የሚችሉ ሰዎችን ስም ሰጠው። ከዚያ በአንዲት እመቤት አማካይነት ወደ ዶክተር ሮበርት ስሚዝ ደረሰ።

ስሚዝ ሐኪም ነውና መጠጥ በሥጋ ላይ የሚያደርገውን የሚያስተምረው አያሻውም ነበር። በጸሎት ማኅበርም ከሁለት ዓመት በላይ ተመላልሶ መጠጡን አልተወም። ግንቦት 4 ቀን እሑድ ከዊልሰን ጋራ ሲገናኝ ከሩብ ሰዓት በላይ ላይቀመጥ ቈርጦ መጥቶ፥ እስከ ሌሊት ቆየ። ዊልሰን የራሱን ነገር ተረከለት፤ ስለ ራሱ መዳን ሲል እንደ መጣም አልሸሸገውም። ስሚዝ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ወደቀ፤ ነገር ግን ሰኔ 3 ቀን የመጨረሻውን ጠጥቶ፥ በ1943 ዓ. ም. እስኪሞት ድረስ ደግሞ አልቀመሰም። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፥ ማለት ስማቸውን የማይገልጡ ሰካራሞች፥ የተባለው ማኅበር ልደቱን ከዚያች ቀን ይቈጥራል።

ዛሬ ማኅበሩ በብዙ አገር፥ ብዙ ጊዜም በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይሰበሰባል፤ ቦታውና ሰዓቱም በቴሌፎንና በኢንተርኔት ይገኛል። ክፍያ የለም፤ መጠጥን ለመተው መፈለግ ብቻ ይበቃል። አዲስ የመጣ ሰው መናገር ካልወደደ ዝም ብሎ ቡናውን ይዞ ይቀመጣል። ይህን ያህል ቀላል ሲሆን፥ በአደባባይ ወድቆ ሲታይ ያላፈረው ሰው በዚህ ደጃፍ ሲደርስ ያፍራል፤ ሦስት ጊዜ አልፎት ይሄዳል። ነገሩ የሚያስቅ ይመስላል፤ አያስቅም። በመንገድ ሲወድቅ የጣለው ጠጁ ነው ይባላል፤ በዚህ በር የሚገባው ግን በገዛ እግሩና በጤናማ አእምሮው ነው።

«የታመመ የታመመን እንዴት ያድናል?» የሚል አይጠፋም። ማኅበርተኞቹ ግን እናድናለን አይሉም፤ በየትኛው መንገድ እንደ መጡ ይናገራሉ። በኢትዮጵያ ሰካራም በታቦት ስም ተገዝቶ ለዓመት ወይም ለዕድሜ ይተዋል፤ በዚህም ጸንቶ የኖረ አለ። ነገር ግን ግዝቱን ያፈረሰ ዕለት ወዴት ይሂድ? ጠርሙሱንም ቤተ ክርስቲያኑንም ፈርቶ ይሸሸጋል፤ የሚሸሸግበትም ቤት ያው ጠጅ ቤቱ ነው። በዚያ ማኅበር ግን የሚባለው «ዛሬን ብቻ አትጠጣ» ነው፤ የወደቀውም በማግሥቱ ሲመለስ ወንበሩን ያገኘዋል። ተዝካሩም ሠርጉም ያለ ጠላ በማይታሰብበት አገር፥ ጽዋውን የተወ ሰው ወዳጆቹንም አብሮ ይተዋልና ሌላ መቀመጫ ያስፈልገዋል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት በ2012 ዓ. ም. 27 ጥናቶችን አመዛዝኖ፥ ሰውን ወደዚህ ማኅበር የሚያደርሰው ሕክምና ከመጠጥ ፈጽሞ በማራቅ ከሌሎች የማያንስ፥ አንዳንዱም የሚበልጥ መሆኑን ገልጦአል።

አንድ ነገር ግን አይዘንጋ። ለብዙ ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ሲያቋርጥ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፤ የሚጥለው፥ የሚሞትም አለና አስቀድሞ ሐኪም ይየው።

ታዲያ ላልሰከረው ሰው ምን ይቀረዋል? የአክሮኑ ቄስ ሥራ ቴሌፎን አንሥቶ ስም መስጠት ነበረ፤ ያም ትንሽ አልሆነም። ሚስትም ባልዋን እስከ ደጃፉ ትሸኘው ይሆናል። ሲመለስ በውስጥ የተባለውን አትጠይቀውም፤ እራቱን አቅርባ፥ የሚመጣው ስብሰባ በስንት ሰዓት እንደ ሆነ ትጠይቀዋለች።