ነፋስና ገበሬ

ነፋስ የማንም ርስት አይደለም። ገበሬው በአውድማው ላይ መንሹን አንሥቶ ፍሬውን ከገለባው ሲለይ፥ ማንንም ሳያስፈቅድ በነፋስ ይጠቀማል። ነፋሱ ኤሌክትሪክ በሆነ ጊዜ ግን ጥያቄ ይነሣል።

በመቀሌ አጠገብ በአሸጎዳ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው ጣቢያ 84 ተርባይኖችና 120 ሜጋ ዋት ኀይል ነበረው። የዚህን ዓይነት ሥራ ጥቅም አንክድም፤ በበጋ የግድብ ውሃ ሲቀንስ ነፋሱ ይበረታልና፥ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ነዳጅም አይገዛለትም። በምሰሶዎቹም መካከል ማረስና ከብት ማሰማራት ይቻላል።

ነገር ግን ምሰሶው የቆመበትና መንገዱ ያለፈበት እርሻ አይታረስም። ካሣው ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ያልቃል፥ መሬት ግን በየዓመቱ ያፈራል። ለብዙዎች ጥቅም ጥቂቶች ይጐዱ ማለት ቀላል ነው፤ ከጥቂቶቹ አንዱ መሆን ግን ቀላል አይደለም።

እኛ እንደምናስበው፥ ሥራው ይቅር ማለት አገርን በጨለማ ማቆየት ነው፤ ገበሬው ዝም ይበል ማለትም ግፍ ነው። ሽቦው በእርሻው ላይ አልፎ ከተማውን ሲያበራ እርሱ በኩራዝ ቢያመሽ፥ ነፋሱን የጋራ ብለን ብርሃኑን ለጥቂቶች ሰጠን ማለት ነው። ስለዚህ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች መሬቱን ከመለካታችን በፊት ገበሬውን እንጠይቅ፤ የመጀመሪያውም መብራት ከምሰሶው አጠገብ ላለችው ጎጆ ይሁን።