የአንድ ጥላ ዋጋ

ለመሆኑ ደስታ ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር ነው? አንድ ሰው ከሥራ ወጥቶ፣ እራት ሳይደርስ፣ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ብርጭቆ ወይን ጠጅ ቢጠጣና ሁለት ጉርሻ ቢቀምስ ነገሩ በሥነ ምግባር ሚዛን ላይ ይወጣል ወይስ እንዲያው ይታለፋል? ብዙዎቻችን «ተወው እባክህ፣ ይጠጣ!» ብለን እናልፈዋለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ «የተራበ ባለበት ዓለም ይህ ቅንጦት ነው» ብለን እንፈርድበታለን። በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች የቸኮሉ ይመስለኛል። ስለዚህ አንድ እውነተኛ ቦታ ይዘን እንመርምረው። ቦታው የኢጣሊያ ከተማ ቬኒስ፣ ቤቱም የሰፈሩ ሰው «ባካሮ» የሚለው ትንሽ የወይን ጠጅ ቤት ነው።

ባካሮ ሲባል ሰፊ አዳራሽ አይታያችሁ። ጠባብ ክፍል፣ አንድ ባንኮኒ፣ ምናልባትም ጥቂት ዱካ ነው። አብዛኛው ሰው ቆሞ ነው የሚጠጣው። ባንኮኒው ላይ «ቺኬቲ» የሚባሉ ትንንሽ ምግቦች ይደረደራሉ፤ ቁራጭ ዳቦ ላይ የተቀባ ዓሣ፣ በሽንኩርትና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ሰርዲን፣ ለሁለት የተከፈለ ቅቅል እንቁላል። እያንዳንዱ በአንድ ወይም በሁለት ጉርሻ ያልቃል። የወይን ጠጁም ብርጭቆ ትንሽ ነው፤ ስሙ «ኦምብራ» ይባላል፣ ጥላ ማለት ነው። እንደሚተረከው ከሆነ ድሮ በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ወይን ጠጅ የሚቸረችሩ ሰዎች መጠጡ በፀሐይ እንዳይሞቅባቸው የደወሉን ማማ ጥላ እየተከተሉ ገበታቸውን ያዛውሩ ነበር አሉ። ስሙም ከዚያ ቀረ።

ከምግብ በፊት የሚጠጣውን ኢጣሊያኖች በጠቅላላው «አፔሪቲቮ» ይሉታል። ቃሉ መክፈት ከሚለው የላቲን ግሥ የወጣ ነው፤ የምግብ ፍላጎትን ይከፍታል ለማለት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ምን ይከፍታል የሚለው ነው።

በመጀመሪያ «ቅንጦት ነው» ለሚለው ወገን መልስ እንስጥ። ሰርዲኑን በሽንኩርትና በኮምጣጤ መዘፍዘፍ የመርከበኞችና የዓሣ አጥማጆች ዘዴ ነበር፤ ምግቡ ባሕር ላይ እንዳይበላሽ ነው። ዳቦው ላይ የሚቀባው ዓሣም ታሪክ አለው። በ1431 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፒዬትሮ ኩዌሪኒ የሚባል የቬኒስ ሰው ወይን ጠጅ በመርከብ ጭኖ ከቀርጤስ ተነሣ። ማዕበል መርከቡን ሰባበረበት፤ ከሰዎቹ አብዛኞቹ አለቁ። ጥቂቶቹ በ1432 መግቢያ ላይ በኖርዌይ ሰሜን ወደሚገኙት የሎፎተን ደሴቶች ተጣሉ። ሩስት በምትባል ደሴት የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች አግኝተው፣ ቤታቸው አስገብተው፣ ያላቸውን አብልተው አተረፏቸው። በነፋስ የሚደርቀውን ዓሣ ወደ ቬኒስ ያስገባው ኩዌሪኒ ነው ይባላል። እንግዲህ ይህች ጉርሻ ከድሃ ቤት የወጣች፣ የእንግዳ ተቀባይነት መታሰቢያ ናት። ቅንጦት የሚላት ካለ ምንጯን አያውቅም።

ሁለተኛው ነገር ተራው ነው። በሪያልቶ ገበያ አካባቢ ሰው ከአንዱ ባካሮ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ በየቤቱ አንድ ጥላ ይጠጣል። እዚህ አንዱ ይከፍላል፣ እዚያ ሌላው። ነጋዴውም፣ ተሸካሚውም፣ ጡረተኛውም በአንድ ባንኮኒ ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። ከመካከላቸው ጋባዥ ሆኖ የሚቀር፣ ተጋባዥም ሆኖ የሚቀር የለም። ዛሬ የጠጣ ለነገ ዕዳ አለበት፤ ዕዳው ደግሞ ነገ ተመልሶ እንዲመጣ ያደርገዋል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ተረታችን እዚህም ይሠራል።

ታዲያ ተራው እንዲዞር ያስቻለው ምንድን ነው? የብርጭቆው ማነስ! ብርጭቆው ትንሽ፣ ዋጋውም ትንሽ ስለሆነ ኪሱ የሳሳ ሰው እንኳ ተራው ሲደርስ «ይሄ በእኔ ነው» ማለት ይችላል። ትንሽነቱን የምናደንቀው ስካርን ስለሚከላከል ብቻ ከሆነ ግማሹን ነው ያየነው። ዙሩ ከበዛ ትንሹም ብርጭቆ ያሰክራል፤ ይህን አልክድም። ዋናው ቁም ነገር ግን ትንሹ ብርጭቆ የድሃውን ክብር መጠበቁ ነው። እዚህ ላይ ትንሽነት ራሱ ፍትሕ ነው እላለሁ።

ዋጋው ሲወደድስ? ተማሪ የሆነ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ኪሱ ባዶ የሆነ ጓደኛ «የለኝም» አይልም፤ «ሥራ አለብኝ» ነው የሚለው። አንድ ቀን ይቀራል፣ ሁለት ቀን ይቀራል፣ ከዚያ ጭራሽ ይጠፋል። ይሉኝታ ድምፅ የለውም። የቀሩትም «ምነው ጠፋ?» ብለው ይጠይቁና መጠጣታቸውን ይቀጥላሉ። ደስታው ጥፋት የሚሆነው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፤ የጠፋውን ሰው ሳንፈልግ ስንቀጥል።

በቬኒስ የሆነው ከዚህ የባሰ ነው። በ1951 ገደማ በአሮጌው ከተማ 175,000 ያህል ሰው ይኖር ነበር። በ2022 ቁጥሩ ከ50,000 በታች ወረደ። ሥራው ወደ የብስ ሄደ፣ የቤት ዋጋ ናረ፣ መኖሪያው የቱሪስት ማረፊያ ሆነ። በ2024 ከተማው በተወሰኑ ቀናት ለቀን ጎብኚ 5 ዩሮ የመግቢያ ክፍያ ማስከፈል ጀመረ። ባካሮዎቹ አልባዶሙም፤ እንዲያውም ሰው ይጋፋባቸዋል። ነገር ግን ዛሬ ጠጥቶ ነገ በባቡር ለሚሄድ ሰው ተራ የሚባል ነገር የለም። ከፍሎ ይሄዳል፤ ዕዳ አይቀርበትም፤ ዕዳም የሚቀርለት የለም።

«እንግዲያው እንግዳ አይምጣ ነው የምትለው?» የሚለኝ ይኖራል። የለም! ኩዌሪኒም እንግዳ ነበር። እንግዳ መሆን ነውር ቢሆን ኖሮ ያቺ ጉርሻም ባልኖረች። ልዩነቱ በእንግዳና በሸማች መካከል ነው። እንግዳ የተቀበለው ሰው እንዳለ ያውቃል፣ ስለ እርሱም ይጨነቃል። ሸማች ግን ባለቤቱ ከቤቱ ቢነቀልም ብርጭቆው እስከተሞላለት ድረስ አይገደውም። ደግሞም ሸማች ለመሆን ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ ሰው በገዛ ሰፈሩ፣ በገዛ ጓደኞቹ መካከልም ሸማች ይሆናል።

ስለዚህ ለመነሻው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፤ ትንሽ ደስታ ይቅርታ አይጠየቅበትም። ሊጠየቅ የሚገባው «ከባንኮኒው ማን ጎደለ?» የሚለው ነው። ለወይን ቸርቻሪዎቹ ጥላ ይሰጥ የነበረው የቅዱስ ማርቆስ ማማ በ1902 ተንዶ ነበር። በ1912 እንደ ቀድሞው አድርገው አቆሙት፤ ጥላውም በቦታው ተመለሰ። ድንጋይ በአሥር ዓመት ይመለሳል። ተራው ሲደርስ በይሉኝታ የቀረውን ሰው ግን ግንበኛ አይመልሰውም፤ ደጁ ድረስ ሄዶ የሚጠራው ጓደኛ ይፈልጋል።