ወደ ኋላ የሚነዳ መኪና ቢኖር

ልጆቻችን በቴሌቪዥን ከሚያዩአቸው ፊልሞች መካከል ሰው አንድ መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ወዳለፈው ወይም ወደሚመጣው ዘመን ሲሄድ የሚያሳዩ ብዙ ናቸው። ወላጆች «የልጅ ጨዋታ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ይሁንና በማኅበራዊ ሥራ የተሠማራን ሰዎች በየቤቱ ስንገባ የምንሰማው ንግግር ከነዚህ ፊልሞች ብዙ የራቀ አይደለም። «ምነው ያን ጊዜ ከአገሬ ባልተነሣሁ!» «ምነው እናቴን ጥዬ ባልመጣሁ!» «ያቺን ቀን መልሶ የሚሰጠኝ ባገኝ!» ይባላል። እንግዲያው የልጆቹን መሣሪያ እስቲ ለአንድ ጊዜ በቁም ነገር እንውሰደውና፣ ቢኖር ኖሮ ምን ይፈይድልን እንደነበር እንመርምር።

መሣሪያውን በልቦለድ ዓለም ከሁሉ ይበልጥ ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ ነው፤ «የጊዜ መኪና» የተባለውን መጽሐፉን ያሳተመው እ.አ.አ. በ1895 ነበር። (መኪና ማለታችን «የስፌት መኪና» እንደምንለው ነው።) የዌልስ መንገደኛ እስከ 802,701 ዓ.ም. ድረስ ወደ ፊት ይጓዛል። ወደ ፊት መጓዝ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተረት አይደለም። አልበርት አይንሽታይን በ1905 እንዳስረዳው በፍጥነት የሚጓዝ ሰዓት ካልተንቀሳቀሰው ይዘገያል፤ ኋላም ከፍታ በሰዓት ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ ታውቋል። በ1971 ሃፍሌና ኪቲንግ የተባሉ አሜሪካውያን የአቶም ሰዓቶችን በተራ የመንገደኛ አውሮፕላን ጭነው ዓለምን ዞሩ። ሰዓቶቹ በምሥራቅ አቅጣጫ ሲዞሩ 59 የሚያህል የሰከንድ ቢሊዮንኛ ዘገዩ፤ በምዕራብ ሲዞሩ ደግሞ 273 ያህል ቀደሙ። ስለዚህ በአውሮፕላን የመጣን ሁሉ ከአገር ቤት ሰዓት በጥቂቱ ሳንለያይ አልቀረንም። በቀን መቁጠሪያውማ ከሆነ ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይዘላል፤ በዕብራውያን አቆጣጠር ደግሞ ከ3,700 ዓመት በላይ! ደግነቱ ይህኛው ዝላይ አንድ ሽበት አይጨምርም።

ችግሩ ያለው ወደ ኋላ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ኩርት ጎደል በ1949 የአይንሽታይን ቀመሮች ይህን መንገድ ጨርሰው እንደማይከለክሉ በሒሳብ አሳየ፤ ነገር ግን እርሱ የገለጸው ዓለም እኛ የምንኖርበት ዓለም አይደለም። ስቲቨን ሆኪንግ በ1992 ተፈጥሮ ራሷ መንገዱን ሳትዘጋው አትቀርም የሚል ግምት አቀረበ። ግምቱ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ከፊዚክሱም በፊት ሐሳቡ ራሱ ያደናቅፋል። አንድ ሰው ወደ ኋላ ሄዶ አያቱን ገና ልጅ ሳይወልድ ቢገድል፣ ገዳዩ አይወለድም። እርሱ ካልተወለደ ማን ሄዶ ገደለ? በ1985 በወጣው «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ፊልም (በዚህ ላይ መሣሪያው እውነተኛ አውቶሞቢል ነው) አንድ ወጣት ወደ 1955 ተመልሶ ሳያስበው የወላጆቹን መተዋወቅ ያሰናክላል፤ በያዘው ፎቶግራፍም ላይ ወንድሙና እህቱ እየደበዘዙ ይጠፋሉ። ቀስ በቀስ መደብዘዙ ለዓይን ያምራል እንጂ ለአእምሮ አይዋጥም።

ሊቃውንቱ ከዚህ እንቆቅልሽ መውጫ ብለው ካቀረቧቸው መካከል ሁለቱን እናንሣ። ፈላስፋው ዴቪድ ሉዊስ በ1976 እንደጻፈው፣ ያለፈው ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ሰው ወደዚያ ቢሄድም የሚያደርገው ሁሉ ቀድሞ የተደረገ ነው። አያቱ በሕይወት ስለኖሩ፣ ወይ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ወይ ጥይቱ ይከሽፋል። የፊዚክስ ሊቁ ዴቪድ ዶይች ደግሞ በ1991፣ መንገደኛው የሚደርሰው በሌላ ዓለም ውስጥ ነው፣ የሚለውጠውም የዚያን ዓለም ታሪክ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ።

ይህ ለኛ የመጽሐፍ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል ለመምጣት ከተነሡት ወገኖቻችን ወደ 4,000 የሚጠጉት በመንገድና በመጠለያ ሰፈሮች እንደሞቱ ይገመታል። በዚያ መንገድ ልጇን የቀበረች እናት መኪናውን አገኘች እንበል። በሉዊስ አባባል ተመልሳ ሄዳም ልጇን አታተርፍም። በዶይች አባባል በሌላ ዓለም ያለ አንድ ሕፃን ታተርፋለች፤ እዚህ ያለው መቃብር ግን ባለበት ነው። በሁለቱም በኩል መኪናው የፈለገችውን አይሰጣትም።

ያለፈው በእርግጥ ቢለወጥስ? ያን ጊዜ ጥያቄው ይከብዳል። ዴሬክ ፓርፊት በ1984 ባሳተመው መጽሐፉ እንደተከራከረው፣ አንድ ልጅ በሌላ ወር ተፀንሶ ቢሆን ኖሮ የሚወለደው ያ ልጅ ሳይሆን ሌላ ነበር። ባንነሣ ኖሮ፣ እዚህ ተገናኝተን ባንጋባ ኖሮ፣ አሁን ሳሎን ተቀምጦ የቤት ሥራውን የሚሠራው ልጅ አይኖርም ነበር። እናቱ «ምነው ባልመጣን» ስትል እርሱም ይሰማል። አማርኛው የተሰባበረ ቢሆንም ይህችን ይረዳታል፤ «እኔም ባልኖርሁ» ማለት ነው ብሎም ሊወስዳት ይችላል። ለሞተ ማልቀስ ተገቢ ነው፣ አገርን መናፈቅም እንዲሁ። ነገሩ ሁሉ እንዳልነበረ ይሁን ብሎ መመኘት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ልጁንም ይነካል።

ደግሞም በፊልሙ ውስጥ ወደ ኋላ የሚሄደው ሰው የነገውን ወሬ በኪሱ ይዞ ነው የሚሄደው። «ባውቅ ኖሮ» እያለ ራሱን የሚቀጣ አባትም እንዲሁ ያደርጋል። የዛሬ እውቀቱን ወደዚያን ጊዜው ሰው ይልክና ዳኛ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ያን ሌሊት ከመንደሩ የወጣው ሰው ግን በእጁ የነበረው ወሬ፣ ፍርሃትና የኢየሩሳሌም ተስፋ ብቻ ነበር። በእኛ አስተያየት ሰው መፈረድ ያለበት በጊዜው በያዘው ነው። ይህን ስንል ለሁሉም ምሕረት እያወጅን አይደለም። ያኔም እያወቀ ሚስቱን የደበደበ፣ ወይም የወንድሙን ገንዘብ የካደ፣ «ያን ጊዜ አላወቅሁም» ብሎ ሊያመልጥ አይገባም። ይቅርታ ለመጠየቅና ገንዘቡን ለመመለስ የጊዜ መኪና አያስፈልገውም።

በሚሽና የበራኾት ክፍል ወደ ከተማ ሲገባ የጩኸት ድምፅ ሰምቶ «በቤቴ አይሁን» ብሎ ስለሚጸልይ ሰው ይነገራል። የሆነው ሆኖ ስላለቀ ጸሎቱ ከንቱ ይባላል። ከላይ ካነሣናቸው ምኞቶች አንዱ ግን ከዚህ ይለያል። «እናቴን ጥዬ ባልመጣሁ» ከሚሉት ውስጥ የብዙዎቹ እናት ዛሬም በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ተራዋን እየጠበቀች በሕይወት አለች፤ ስልክም ታነሣለች። ማመልከቻዋን በተመለከተ ወደ ቢሯችን ለሚመጣ ሰው ወረቀቱን አብረን እንሞላለን።