የተከፈተ ጆሮና የወላጆች ትዕግሥት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታችን መስማት የተሳነውን፣ አንደበቱም የተያዘውን ሰው እንደ ፈወሰ እናነባለን። ሰዎች ይዘውት መጡ፤ ጌታም ለብቻው ወስዶ ጆሮውን ዳሰሰ። ወዲያው ጆሮው ተከፈተ፤ ምላሱም ተፈታ። መስማትና መናገር በአንድ ጊዜ ተሰጡት። ዛሬ የምናስበው ግን ሁለቱ በአንድ ቀን ስላልተሰጧቸው ሕፃናትና ስለ ወላጆቻቸው ነው።

ኮክሌር ኢምፕላንት የሚባለው መሣሪያ ድምፅን በማጉላት የሚሠራ አይደለም። ከጆሮ ጀርባ የሚውለው ክፍል ድምፅን ተቀብሎ፣ በማግኔት ተጣብቆ በሚያዝ ክፍል በኩል ከቆዳ በታች ወደ ተተከለው ያስተላልፋል፤ ከዚያም ቀንድ አውጣ በመሰለው የውስጥ ጆሮ የገባ ቀጭን ሽቦ የመስሚያውን ነርቭ በኤሌክትሪክ ያነቃቃል። ለዚህ ጥበብ ከደከሙት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1978 በሜልቦርን፣ አውስትራሊያ፣ መሣሪያውን በሰው ላይ ያስተከሉት ፕሮፌሰር ግሬም ክላርክ ናቸው። መስማት የሚቸግራቸውን አባታቸውን እያዩ አደጉ። ሽቦው በጠመዝማዛው መንገድ እንዴት እንደሚገባ የተረዱትም እ.ኤ.አ. በ1977 በባሕር ጠረፍ፣ በዛጎል ውስጥ የሣር ቅጠል እያስገቡ ሲሞክሩ ነው። ፍጥረት ለሚያስተውል ሰው እንዲህ ያስተምራል።

ይሁን እንጂ ሥራው በቀዶ ጥገና አያልቅም። ቁስሉ እስኪድን ሳምንታት ተጠብቆ መሣሪያው ሲከፈት ብዙ ሕፃን ይደነግጣል፤ ያለቅሳል። የሚሰማው ምን እንደ ሆነ አያውቅምና። ከዚያ ወዲያ በር ሲንኳኳ እናት «ሰማህ? በር ነው» ትላለች፤ ውኃ ስትቀዳ «ውኃ» ትላለች። አንዱን ቃል ሳይሰለቹ መቶ ጊዜ መድገም የወላጅ ድርሻ ነው። ባትሪው ያልቃል፤ ሕፃኑ እየነቀለ ይጥለዋል፤ ሊተኛ ሲያወልቁለት ዓለሙ እንደገና ጸጥ ይላል። የአንዱ ልጅ አንደበት ቶሎ ይፈታል፤ የሌላው ይዘገያል።

በዚህ ላይ የሰው አፍ ሸክም ይጨምርባቸዋል። «በማን ኃጢአት ነው?» የሚል አለ። ጌታ ግን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ስለ ዕውሩ ይህንኑ ለጠየቁት ደቀ መዛሙርት፣ እርሱም ወላጆቹም እንዳልበደሉ መልሶላቸዋል። «እምነት ቢኖራችሁ መሣሪያውን ጥላችሁ ጸበል ብቻ ባስጠመቃችሁት» የሚልም አለ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ግን ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል፤ ጸበሉና ሐኪሙ አይጣሉም። ወላጆች የምልክት ቋንቋ ሲያስተምሩት «ታዲያ መሣሪያው ምን ሠራ?» ይባላሉ። ካህኑ ዘካርያስንም ዘመዶቹ በምልክት ጠይቀውት፣ የልጁን ስም በሰሌዳ ጽፎ አልነበረምን?

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፤ ያንን ሰው ወደ ጌታ ይዘው የመጡት ሰዎች ሥራ ዛሬ የእኛ ነው። እንዲህ ያለ ሕፃን ወደ ጉባኤያችን ሲመጣ ከፊት እናስቀምጠው፤ ፊታችንን እያየ እናናግረው፤ በየተራ እንናገር፤ ከበሮው ሲመታ ቃል እንደሚጠፋበት አውቀን መዝሙሩን አስቀድመን በጽሑፍ እንስጠው። አሳስቶ ሲናገር አንሳቅበት። እናቱ ቅዳሴዋን በሰላም እንድታስቀድስ ልጁን ተራ በተራ እንያዝላት።

የሕፃኑን ጆሮ ለመክፈት ጥበብን የሰጠ አምላክ፣ የእኛንም ልቡና ለወላጆቹ ድካም ይክፈትልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።