ዝም ማለት መዋሸት ነውን?

ሰው ሐሰት ሳይናገር ሊዋሽ ይችላልን? ይህ ጥያቄ በሊቃውንት ጉባኤ ብቻ የሚነሣ አይደለም፤ አንድ መጠነኛ ቤት ለሽያጭ በቀረበ ጊዜም በደጃፉ ላይ ቆሞ ይገኛል።

በሸካ ደን አካባቢ ባለችው በማሻ ከተማ ዝናብ አብዛኛውን ወራት ስለማይለይ መሬቱ እርጥብ ነው። በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት ቆርቆሮው ቢያብረቀርቅም፥ በመሬት የተቀበረው የምሰሶው እግር ሊበሰብስ ይችላል። ግድግዳው ግን አዲስ ጭቃ ከተመረገ ገና የተሠራ ይመስላል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ስፍራ፥ ልጆችዋን ለማስተማር ስትል ቤትዋን የምትሸጥ እናት አለች እንበል። ገዢው ስለ ምሰሶው አልጠየቃትም፤ እርስዋም እያወቀች አልነገረችውም። «ገዢ ዓይን አለው» የሚል ይኖራል። ችግርዋም እውነተኛ ነውና በእርስዋ መፍረድ የሚቀለው ለጠገበ ሰው ነው።

ነገር ግን ዓይን የሚያየው ምርጊቱን እንጂ የተቀበረውን አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንዲሆን ደንግጓል። ሕጉ ባይኖርስ? ገዢውም ልጆቹን የሚያስተኛው በዚያው ጣራ ሥር ነው። የእርስዋ ችግር ወደ ሌላ ሰው ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ ሌላው ሊያየው የማይችለውን ጉዳት እያወቁ መሸሸግ፥ አንደበት ባይናገርም፥ ውሸት ነው።

«ምሰሶው መለወጥ አለበት፤ ዋጋውንም ስለዚሁ ቀንሻለሁ» ብትል ጥቂት ብር ይጎድልባት ይሆናል። ነገር ግን በገበያ ቀን ገዢውን ባየች ጊዜ መንገድ አትለውጥም።